የምሰሶ ለቅሶ

በገርጂና በዙሪያዋ ሰው ሲሞት የሚጠሩት እኔን ነው። ስሜ ጋዲሴ ነው፤ ሙሾ አውራጅ ነኝ። ለቅሶ ቤት ገብቼ የሟቹን ስምና ሥራ በግጥም እያነሳሁ አለቅሳለሁ፣ አስለቅሳለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ባሌ በሞተ ጊዜ የመንደራችን አልቃሾች መሬቱ ለኮንዶሚኒየም ሲሄድ በየአቅጣጫው ተበትነው ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ስልኩን እያየ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። ያ ጸጥታ ባሌን ደግሞ የገደለው መሰለኝ። ተነሳሁና አፌ የሰጠኝን አወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠራኝ እምቢ ብዬ አላውቅም።

ብዙ ሰው ሸኝቻለሁ። ገበሬ፣ ነጋዴ፣ ሾፌር፣ በምጥ የሄደች ሙሽራ። ዛሬ መንገድ ላይ የሚያስቆመኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ግን ስለ አንድ ሟች ብቻ ነው። እሱም በሕይወት ኖሮ የማያውቅ ሰው ነው።

ምሰሶ ይባላል። የሣለው ጎረቤቴ ሚስባህ ነው፤ ደጃችን ፊት ለፊት ነው። እናቱ ሸሪፋ ሾላ ገበያ ቅመም ትነግዳለች፣ እሱ ቤት ተቀምጦ ኮሚክ ይሥላል። ምሰሶ የግንባታ ቀን ሠራተኛ ነው። ቢጫ ሄልሜት ያደርጋል፣ ሰማያዊ ቱታ ይለብሳል፣ ለሲሚንቶው ብናኝ ብሎ ፊቱን እስከ ዓይኑ ድረስ በጨርቅ ይሸፍናል። ኃይሉ አንድ ነው፤ ትከሻውን ከሥሩ ያስገባበት ነገር አይወድቅም። ድልድይም ቢሆን፣ ክሬንም ቢሆን፣ የሚናድ ፎቅም ቢሆን። ሲገባበት «ከሥሩ ነኝ!» ብሎ ይጮኻል። የሰፈሩ ጎረምሶች ሶፋ ደረጃ ላይ ሲያወጡ ሁሉ «ከሥሩ ነኝ!» ይባባሉ ነበር። ሸሪፋ ራሷ የበርበሬ ማዳበሪያ ስታነሳ ስትለው ሰምቻታለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚስባህ በሬን አንኳኳ። ዓይኑ ቀልቷል።

«እትዬ ጋዲሴ፣ ሰው ሞቶብኝ ነው።»

ነጠላዬን አነሳሁ። «ማን? መቼ? እናትህ ሰምታለች?»

«ምሰሶ ነው።»

ነጠላዬን መልሼ አስቀመጥኩት። «አንተ ልጅ፣ ልቤን ልታቆመው ነው እንዴ?»

አልሳቀም። ገብቶ ተቀመጠና ወረቀቶቹን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ። ገና ያላለቀ ፎቅ ይናዳል። ሠራተኞቹ እየሮጡ ይወጣሉ። ምሰሶ ከሥር ሆኖ ይሸከማል፤ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ እንደገና ይቃናል፣ ደግሞ ይታጠፋል። የመጨረሻው ሰው ሲወጣ እሱ አይወጣም። መጨረሻው ገጽ ላይ ያለው አቧራና አንድ ቢጫ ሄልሜት ብቻ ነው።

«ያምራል» አልኩት። ከልቤ ነው። «ታዲያ ከእኔ ምን ፈለግህ?»

«ማንም አያምነኝም እትዬ። የውጭ አገሮቹ ኮሚኮች ውስጥ ትልልቆቹ ጀግኖች ሁሉ ሞተዋል። አስከሬኑ ይሣላል፣ ሐውልቱ ይሣላል፣ ጓደኞቹ ጥቁር ለብሰው ይሣላሉ። ቆይቶ ግን ይመለሳል። ወይ ‹አልሞተም ነበር› ይባላል፣ ወይ ‹የሞተው መንትያው ነው› ይባላል። አንባቢው ለምዶታል። ይሄን ያሳየኋቸው ጓደኞቼ ሁሉ ያሉኝ ‹መቼ ነው የሚነሳው?› ነው። አንድ ሰው እንኳ ነፍስ ይማር አላለኝም።»

«አንተስ? ትመልሰዋለህ?»

«አልመልሰውም። የማይወድቅ ሰው ቢሸከም ምኑ ይደንቃል? ይሄ ሊወድቅ እንደሚችል እያወቀ ነው የገባው። ያንን ብወስድበት ሰደብኩት ማለት ነው።»

ይህ አነጋገሩ ደስ አለኝ። የሚፈልገውንም ያኔ ነገረኝ። መጽሐፉ አትላስ አካባቢ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ይመረቃል፤ እዚያ መጥቼ ለምሰሶ ሙሾ እንዳወርድለት ነው። እኔ ካለቀስኩለት ሞቱ ሞት ይሆናል ብሎ አስቧል።

«ስማኝ ሚስባህ» አልኩት። «ልጇን ያጣች እናት አላምንም ብላ በር በር ስታይ፣ ‹ልጅሽ አይመለስም፣ አልቅሺና ይውጣልሽ› የምላት እኔ ነኝ። አምናኝ ታለቅሳለች። የምታምነኝ ያለቀስኩለት ሰው ተነስቶ ስለማያውቅ ነው። ሌላ ሀብት የለኝም። ያንተ ሰው ነገ ቢነሳ እኔ ነገ የት ለቅሶ ቤት እገባለሁ? ‹የጋዲሴ ሟች ይመለሳል› ሊባል ነው።»

«አይነሳም እትዬ። በእናቴ ይሁንብኝ።»

«እንግዲያው ንገረኝ። የማን ልጅ ነው?»

ጭንቅላቱን አከከ።

«እናቱ ማን ናት?»

«አልሣልኳትም።»

«አልሣልካት እንጂ የለችም አይባልም። ነው ወይስ ወፍ ዘራሽ ነው?»

«እትዬ፣ እንዲህ ዓይነት ጀግኖች ብዙ ጊዜ ብቻቸውን ነው የሚመጡት።»

«ብቻውን ለመጣ ማን ያለቅሳል? እሺ፣ ምን መብላት ይወዳል?»

ሚስባህ ወረቀቶቹን አየ። ሲበላ ሥሎት አያውቅም።

«እስከ ዛሬ ጾሞ ነው እንዴ ክሬን የሚያነሳው?»

በዚህ ጊዜ ሸሪፋ ልጇን ፍለጋ ገባች። ነገሩን ስነግራት እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እኛ ዘንድ ለሞተ ሰው ጮኾ ማልቀስ አይፈቀድም፤ ታውቂያለሽ ጋዲሴ። ለወረቀት ሰው ይሁን አይሁን እኔ እንጃ።» ከዚያ ወረቀቱን አነሳችና ለረጅም ጊዜ አየችው። «ግን እናት አልባ ማድረግስ ምን የሚሉት ነው? ገበያ የምትውል እናት ስጠው። ሾላ። ቅመም ትሽጥ።»

«እማ፣ ይሄማ አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ አልኩ? ሾላ ቅመም የምትሸጥ እኔ ብቻ ነኝ? ሽሮ በቃሪያ ይወዳል በይ ጋዲሴ። እንዲህ ትከሻው የሰፋው በምን ይመስልሻል?»

እንደዚህ ሆኖ፣ ምሰሶ ከሞተ በኋላ እናት አገኘ። እራትም አገኘ። የተወለደበትን ሰፈር እኔ ሰጠሁት፤ ዛሬ ፎቅ የቆመበት፣ ድሮ አባቶቻችን ስንዴ ያጭዱበት የነበረው መሬት ላይ ነው የተወለደው አልኩ። ሚስባህ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ቀና ሲል «ይሄን ሁሉ ሳላውቅ ነው የገደልኩት» አለ። ያን ጊዜ ሐዘንተኛ መሰለ።

ከምረቃው በፊት በነበረው ቀን አዳራሹን ለማየት ወደ አትላስ ሄድኩ። አሳታሚዋ ማኅደር የምትባል ቀልጣፋ ልጅ ናት፤ በአንድ ጆሮዋ ስልክ ይዛ በሌላው ሰው ታናግራለች። ግድግዳው በሙሉ በምሰሶ ሥዕል ተሸፍኗል። ወጣት ሲሞት ጓደኞቹ እንደሚያደርጉት ፊቱ የታተመበት ጥቁር ቲሸርት በካርቶን ተከምሯል።

«ማዘር፣ እንኳን ደህና መጡ! ማይክ ይጠቀማሉ?»

«ጋዲሴ እባላለሁ። ማይክ አልፈልግም።»

«እሺ እትዬ ጋዲሴ። የምንቀርጸውን ቪዲዮ ያዩታል፣ አገር ነው የሚያጥለቀልቀው!»

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ ልጄ። ይመለሳል?»

«ማን?»

«ሟቹ።»

ሳቀች። «እትዬ ጋዲሴ፣ ሞቷል እኮ!» አለችና ስልኳ ጠራ። እኔም መልስ ሰጠችኝ ብዬ ተውኩት።

ስወጣ ከመጋረጃው ጀርባ በስፖንጅ የተሠራ የውሸት ግንብ ተሸክሞ የሚሄድ ረጅም ልጅ አየሁ። ጀቤሳ ነው፣ የጅሬኛ ልጅ። አባቱ ጅሬኛ ከባሌ ጋር ጎን ለጎን ያርስ የነበረ ሰው ነው፤ ሲሞት ያለቀስኩለት እኔ ነኝ። ጀቤሳ አሁን ገርጂ ጂም ውስጥ ያሠለጥናል። አካሄዱ ቁርጥ አባቱ ነው፤ ግራ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ይሄዳል።

«ጀቤሳ! አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ዕቃ እያገዝኳቸው ነው አዮ» አለኝ። አዮ በእኛ ቋንቋ እናት ማለት ነው፤ ከልጅነቱ እንደዚያ ነው የሚጠራኝ። ግን ፊቴን አላየም፤ ግንቡን አስጠግቶ ሸሸኝ።

በማግስቱ አዳራሹ ሞላ። ጥቁር ቲሸርት የለበሰ ወጣት ከዳር እስከ ዳር ተቀምጧል፤ መቀመጫ ያጣውም ግድግዳ ተደግፏል። ሚስባህና ሸሪፋ ፊት ለፊት ናቸው። ሸሪፋ ሙሾው ሲጀመር እወጣለሁ ብላኝ ነበር፤ ሲጀመር ግን አልወጣችም።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩና መሐል ቆምኩ። ስልክ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከኋላ አንዱ «ማዘር አይልፉ፣ ይነሳል!» ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔን ሳቅ አያስደነግጠኝም። ለቅሶ ቤት ውስጥ ብዙ ሳቅ አይቻለሁ። እስኪያልቅላቸው ቆምኩና ከእናቱ ጀመርኩ።

ሾላ ገበያ ላይ ቅመም ትሸጣለች፣
ልጅሽ መጣ ሲሏት ዛሬም ትነሳለች።

ሳቁ ቀጠነ። እርስ በርስ ተያዩ፤ ምሰሶ እናት እንዳለው አያውቁም ነበር።

ሽሮ በቃሪያ ነው የሚወደው እራት፣
ዛሬ ማን ቁጭ ብሎ ይብላላት ለእናት።

አሁን ስልካቸውን ዝቅ ያደረጉ አየሁ። ደረቴን መታሁ።

ሰው ሁሉ ሲሸሸው ግንቡ ሲናድበት፣
ትከሻውን ሰጥቶ እሱ ግን ገባበት።

ከዚያ ለቅሶ ላይ እንደማደርገው «ማነው የሚያውቀው? የሚያውቀው ይንገረኝ!» አልኩ። አንዲት ልጅ ተነሳች፤ ሳይት ላይ የምትሠራ መሐንዲስ ነኝ አለች። «ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ወንዶቹ ይስቁብኝ ነበር። ሄልሜቴ ውስጥ የምሰሶን ሥዕል ለጥፌ ነው የገባሁት። ዛሬም አለ» አለች፣ ድምፅዋም ተቆረጠ። ያ «ይነሳል» ብሎ የጮኸው ልጅ ራሱ አንገቱን ደፋ። አዳራሹ ውስጥ እንደ ዝናብ ያለ ለቅሶ ጀመረ። ሰው ሁሉ የራሱ ሟች አለው፤ የእኔ ሥራ በሩን መክፈት ነው፤ ተከፍቶ ነበር።

ድንገት መብራቱ ጠፋ።

ከድምፅ ማጉያው ፎቅ የሚናድ የሚመስል ጩኸት ወጣ። መጋረጃው ተገለጠ፣ የስፖንጁ ግንብ ተፈረካከሰ፣ አንድ ቀይ መብራት በራ፤ ከጭሱ ውስጥ ቢጫ ሄልሜት ያደረገ፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ፣ ፊቱን በጨርቅ የሸፈነ ረጅም ሰው ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ወጣ።

«ተነሳ!» አለ አንዱ። «ተነሳ! ተነሳ!» አሉ ሁሉም። ዕንባቸውን ሳይጠርጉ እየዘለሉ ይጮኻሉ። ማኅደር ጥጉ ላይ ቆማ ታጨበጭባለች። ሚስባህ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ይሄ ምንድን ነው? ማኅደር! ይሄን አልተነጋገርንም!» ይላል፤ ማን ይስማው።

በዚያው ሳምንት ልጇን የቀበረች አንዲት እናት በሐሳቤ መጣችብኝ። ይህ ቪዲዮ ነገ ስልኳ ውስጥ ይገባል። እኔ አልቅሼለት፣ ሰውየው እጁን ዘርግቶ ሲነሳ ታያለች። ከዚያ በሩን ማየት ትጀምራለች።

ሰውየው ወደ መድረኩ ጫፍ መጣ። ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ ነው።

ለቅሶ ቤት አዲስ ሰው ሲገባ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አልቃሽ ታየዋለች፣ በአባቱ ስም ትጠራዋለች፣ የራሱን ሟች ታነሳበታለች፤ እሱም ቆሞ ያለቅሳል፣ ከዚያ ይቀመጣል። ማንም ቢሆን፣ ለምንም ይምጣ፣ ለቅሶ ላይ የደረሰ ለቀስተኛ ነው። ይህ ደግሞ መጥቷል። ድምፄን ካለኝ በላይ አውጥቼ ተቀበልኩት።

የጅሬኛ ልጅ ና፣ አባት የቀበርህ፣
የሞተ ሲመለስ በየት በር ነው ያየህ?

«ከሥ...» ብሎ ጀምሮ ነበር። አልጨረሰውም። እጆቹ አየር ላይ እንዳሉ ቀሩ።

ደገምኩለት። በሁለተኛው እጆቹ ወረዱ። ሄልሜቱን አወለቀ፤ ከዚያ ጨርቁን ወደ አገጩ ሳበ። ጀቤሳ ነው፤ ፊቱ በላብና በዕንባ ርሷል። ሄልሜቱን ደረቱ ላይ ይዞ ከመድረኩ ወረደ፣ ሕዝቡን ሰንጥቆ መጣና እግሬ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ።

«አልተመለሰም አዮ» አለኝ፤ አዳራሹ ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማው። «አባቴ አልተመለሰም። ማንም አልተመለሰም።»

«አዎ ልጄ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለቅሶ፣ ስንት ዓመት ሳስለቅስ ኖሬ አላየሁም። ጥቁር ቲሸርት የለበሱት ልጆች ወንበራቸውን ትተው ጀቤሳ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሚስባህም መጥቶ ተቀመጠ። ከኋላ ወደ ፊት «ነፍስ ይማር» እየተባባሉ ተቀባበሉት። ሸሪፋ ድምፅ ሳታወጣ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ትጠርግ ነበር። ያን ቀን ቀጥ ብዬ ቆሜ ያየሁት ይህን ነው፤ ዛሬም ሳስበው ወገቤ ይቃናል።

ሰው ሲወጣ ማኅደር መጣች። ኩሏ ፊቷ ላይ ወርዷል።

«ምን አደረጉኝ እትዬ ጋዲሴ?»

«ሥራዬን።»

«ሦስት መጽሐፍ አቅጄበት ነበር እኮ! የውጭዎቹ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ሰው ሲመለስ ደስ ይለዋል ብዬ ነው እንጂ ክፋት አስቤ አይደለም።»

«አውቃለሁ ልጄ። አንቺም ስታለቅሺ አይቼሻለሁ።»

ሚስባህ ሄልሜቱን ከጀቤሳ ተቀብሎ አገላብጦ ያየው ነበር። «አሁን ብመልሰው ማንን አሳምናለሁ?» አለ። «ይሄ ሁሉ ሰው ለቅሶ ተቀምጦለታል። አልሥለውም ማኅደር። ሌላ ሠዓሊ ከፈለግሽ ፈልጊ፤ ግን አንባቢው ራሱ አይቀበለውም።»

ማኅደር ባዶውን አዳራሽ አየች፤ ወለሉ ላይ የተቀመጡበት ቦታ የስፖንጅ ፍርፋሪ ብቻ ቀርቷል። አፍንጫዋን ጠረገች። «እናቱስ?» አለች።

«ምን እናቱስ?»

«እናቱ በሕይወት አለች አይደል? ሾላ ያለችው?»

ሚስባህ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ወደ ሸሪፋ ዞርኩ። ሸሪፋ ቀሚሷን አስተካከለች። «ስትሥለኝ ወገቤን ቀጠን አድርገው» አለችው። በዚያ ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅን፤ ጀቤሳ እንኳ ሳቀ።

የእናትየዋ መጽሐፍ አሁን እየተሣለ ነው። ልጇ የተሸከመላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ እየፈለገች የምትጠይቅ ሴት ናት። ልጁ አይመለስም፤ ገጾቹን ከእኔ በፊት ማንም አያያቸውምና አውቃለሁ።

ባለፈው ከመገናኛ ወደ ገርጂ በታክሲ ስሄድ ከጎኔ የተቀመጠች ወጣት ፊቴን ደጋግማ አየችኝ።

«ይቅርታ፣ እርስዎ የምሰሶ አልቃሽ ነዎት አይደል?»

«ነኝ።»

«ቪዲዮውን አይቼዋለሁ። ግን... ይመለሳል ይላሉ።»

«ማነው የሚለው?»

«ኢንተርኔት ላይ።»

«ኢንተርኔት ለቅሶ ደርሷል?»

ሳቀች። «አይ፣ አልደረሰም።»

«እኔ ደርሻለሁ።»

ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ነፍስ ይማር» አለች። ከፊታችን ዘንቢል የታቀፉ አንዲት እናት ይህን ሰምተው ዘወር አሉ፤ ደንግጠዋል። «ውይ በሞትኩት፣ ማነው የሞተው?»

«ምሰሶ» አልኳቸው።

«የማን ልጅ ነው?»

መቀመጫዬ ላይ ተስተካከልኩ። ታክሲው ገርጂ እስኪደርስ ጊዜ ነበረኝና፣ ከእናቱ ጀምሬ ነገርኳቸው።